ትንንሾቹ አስተናጋጆች

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሕፃናት ማሳደጊያችን በር ሲንኳኳ ልጆቹ «ማነው?» ብለው አይጠይቁም፤ «ስንት ዓመቱ ነው?» ነው የሚሉት። ደጃፉ ላይ የቆመው ቤተሰብ ባለሁለት ደርብ ኬክ፣ ሁለት ሳጥን ለስላሳ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣትና ከረቫት ያሰረ ባለልደት ይዞ መጥቷል። ባለልደቱ አብዛኛውን ጊዜ ገና መራመድ የጀመረ ነው፤ ኬኩን ሲያይ ይስቃል፣ የኛን ልጆች ብዛት ሲያይ ያለቅሳል። የኛዎቹ ግን ሥራቸውን ያውቁታል። ትንንሾቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይሰለፋሉ፤ ባለልደቱን የምታባብል ልጅ አስቀድማ ተመድባለች፤ «መልካም ልደት» ሻማው ሳይለኮስ ይጀመራል፤ እፍ ሲባል ጭብጨባው ለአፍታም አይዘገይም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤተሰብ ሌላ ኬክ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ «ውይ፣ ኬክ!» የሚል መገረም ሳይሸራርፉ ያቀርቡለታል። ከነዚህ ዘማሪዎች አንዳንዶቹ የራሳቸው የልደት ቀን በግምት የተጻፈላቸው ናቸው፤ ቢሆንም ልደት በማክበር ልምድ ከተማው ውስጥ የሚወዳደራቸው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ንብረት ክፍል ነኝ። ደግነትን የማውቀው በኪሎ፣ በሊትርና በደርዘን ነው። ከግምጃ ቤቱ መስኮት ሲታይ ደግነት እንደ ቲማቲም ወቅት አለው፤ ሲደርስ መሬት ላይ ይበላሻል፣ ሲያልፍ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። በዕንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከባንክ ቅርንጫፍ፣ ከተመራቂ ተማሪዎች፣ ከሙሽሮች የሚመጣው ዳቦ በአንድ ቀን መደርደሪያውን ሞልቶ አልጋ ሥር ይገባል። በማግስቱ ልጆቹ ዳቦ በሻይ፣ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ፍርፍር፣ በአምስተኛው ቀን ስሙን የማንጠራው ነገር ይበላሉ። ከዚያ ጥር ይገባል። ጥር ላይ የሚያገባ እንጂ የሚሰጥ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዘይት ሲያልቅ ስልካችን ከጮኸ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ቤታችን የወንጌላውያን ነው። ወጥ ሠሪያችን እትዬ ግን ረቡዕና ዓርብን የማትገድፍ ኦርቶዶክስ ናት። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፏ ምንም አይዞርም፤ ስለዚህ የምሳው ሽሮ ጨው የሚወሰነው በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ምላስ ነው። ልጅቷ ጭልፋውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ታጣጥምና «ትንሽ ይጎድለዋል» ትላለች። በቦርድ ስብሰባችን እንዲህ ያለ ኃላፊነት የተሸከመ ውሳኔ ሲተላለፍ አይቼ አላውቅም። ታዲያ በዚያው በሁዳዴ መሐል አንድ ደግ ሰው አንድ ጎላ ክትፎ አስጭኖ ከች ይላል። ከልጆቹ ገሚሱ ከየቤተሰቡ ይዞት የመጣው ጾም አለው፣ ገሚሱ የለውም። ለጋሹ የማይበሉትን አይቶ «ምነው? ክርስቲያን ናቸው አላላችሁኝም እንዴ?» ሲል፣ አብራው የመጣችው እናቱ የሚበሉትን አይታ «ምነው? ክርስቲያን ናቸው አላላችሁም እንዴ?» ትላለች። ኃላፊያችን ለሁለቱም «ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ያልፉታል።

ቀኑ በእንግዳ የሚጀመር የሚመስለው ካለ ግን ተሳስቷል። ቀኑ የሚጀመረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሌሊት የራሰ አንሶላ በመግፈፍ ነው። ከዚያ የአንድ እግር ካልሲ ፍለጋ፣ የመጸዳጃ ቤት ሰልፍ፣ «እሷ ቀድማኝ ነው» የሚል ክስ፣ ቅንጬ፣ ሻይ፣ ከቁርሱ በፊት ደግሞ የጠዋት ጸሎት አለ። በጠዋት ጸሎት ላይ ከሚጸለየው ሁሉ በጣም ከልብ የሚወጣው «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የሚጸልየው ትልቁ ወንድማችን አይሁን፤ ያስረዝማል» የሚለው ነው፤ እሱም በሹክሹክታ ነው የሚጸለየው። ከትምህርት ቤት «ወላጅ ይምጣ» ሲባል ደግሞ ያው አንዲት ሞግዚት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሁሉ ወላጅ ስለሆነች፣ በአንድ ሰዓት በአራት ክፍል ትፈለጋለች። አንዱ ክፍል ገብታ ስለ ልጁ ረባሽነት ሰምታ ካዘነች በኋላ ልጁ የሌላ ቤት ልጅ ሆኖ አግኝታዋለች። ማዘኗ ግን አልባከነም፤ የራሷ ልጅም በሚቀጥለው ክፍል የተከሰሰው በዚያው ነበር።

ይህን ለማየት የሚመጣ እንግዳ የለም። ለማየት የሚመጣው ሰው በልቡ የያዘው ሌላ ሥዕል ነው። አንዲት ደርባባ ወይዘሮ አንዷን ልጅ እቅፍ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ እናት፣ እናትሽ ሞታ ነው አይደል?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷም በቅን ልቦና «ኧረ ትናንት ደውላልኝ ነበር» አለቻቸው። ወይዘሮዋ ፊት ላይ የታየውን ነገር ደስታ ብዬ ልጽፈው ብሞክር ብዕሬ እምቢ ይለኛል፤ የተጭበረበረ ገዢ ፊት ነው። አዲስ ነገር ግን አልነበረም። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዓለም ላይ በእንዲህ ያሉ ማሳደጊያዎች ውስጥ ካሉት አምስት ልጆች ቢያንስ አራቱ ከወላጆቻቸው አንዱ በሕይወት አለላቸው። ልጁን ወደዚህ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራይ፣ የደብተር ዋጋና የእናት ሕመም ነው። የኬኩና የለስላሳው ሒሳብ ለአንዲት እናት በየወሩ ቢሰጥ ልጇን ወደ ቤቷ መመለስ ትችል ይሆን እያልኩ አንዳንዴ ደረሰኝ ስቆርጥ አሰላለሁ። ግን እናት ሻማ የላትም፤ አይጨበጨብላትም።

ለነገሩ ድሮ እንግዳ መምጣት ከኬክ የበለጠ ነገር ነበር። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከ2,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ይሄዱ ነበር። ያኔ ነጭ ሰው በሩ ላይ ሲታይ የሁሉም ፊት ቫዝሊን ይቀባ፣ የሁሉም ፀጉር ይበጠር ነበር ይላሉ የቆዩት ሞግዚቶች። ፓርላማው በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። ልማዱ ግን ሕጉን አልሰማም፤ ትንንሾቹ ዛሬም የማያውቁትን ሰው ሁሉ ሮጠው ይጠመጠሙበታል። እንግዳው «አቤት ፍቅር!» ብሎ ዕንባውን ይጠርጋል። ሞግዚቷ ግን ልጅ ካገኘው ሁሉ ጋር ሲተቃቀፍ ደግ ምልክት አለመሆኑን ታውቃለች፤ ዝም ትላለች እንጂ። የእንግዳ ዕንባ ለቤቱ ገቢ ነው።

ስለ ሻንጣው ካላነሳሁ ግምጃ ቤቱ ይታዘበኛል። ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ሁለት ሙሉ ሻንጣ ልብስ ያመጣሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ውስጡ የበረዶ ካፖርት፣ የሠርግ ቀሚስ፣ ታኮ ጫማ፣ ክረምት ከበጋ የማይለበስ የመዋኛ ልብስ ይገኝበታል። ገቢ ማድረጊያው ቅጽ ላይ «ብዛት» በሚለው ስር «½ ጥንድ» ብዬ የጻፍኩበት ቀን አለ። ኦዲተሩ ቢያየኝም ምንም አላለም፤ እሱም ሌላኛውን እግር ፈልጎ አላገኘውም። በዚህ ግን እኛ ብቻ አይደለንም። የአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ሲደርስ «አሸናፊ» የሚል ካናቴራ ለሁለቱም ቡድኖች ቀድሞ ይታተማል፤ የተሸናፊው እዚያ አይሸጥም። በ2011 እ.ኤ.አ. የፒትስበርግ ስቲለርስ ሲሸነፍ የተረፈው ካናቴራ በእርዳታ ከተላከባቸው አገሮች አንዷ ዛምቢያ ነበረች። ዛምቢያ ውስጥ እስከ ዛሬ ፒትስበርግን የሻምፒዮና ባለቤት አድርጎ የሚያከብር መንደር ቢኖር አይፈረድበትም።

በሐምሌ ደግሞ ቀለም ቀቢዎቹ ይመጣሉ። እነዚህ ለአገልግሎት ከሩቅ አገር፣ ከየቤተ ክርስቲያናቸው በቡድን የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ልባቸው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ አፍሪካ ሐሩር ናት ብለው ቁምጣና የፀሐይ ቅባት ይዘው የአዲስ አበባ ክረምት ላይ ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ቀን በረዶ ይቀበላቸዋል። በሁለተኛው ቀን ከልጆቹ ሹራብ ይዋሳሉ። በሦስተኛው ቀን የመመገቢያ አዳራሹን ግድግዳ መቀባት ይጀምራሉ። በሐምሌ የተቀባ ቀለም አይደርቅም፤ የተደገፈው ልጅ ሁሉ ጀርባው ሰማያዊ ይሆናል። የዛሬ ዓመት የመጡት ቢጫ ቀብተውት ነበር፤ ካቻምና የመጡት አረንጓዴ። ከበሩ ማዶ ብሩሹን በባልዲ አድርጎ ሥራ የሚጠብቅ የሰፈሩ ቀለም ቀቢ አለ፤ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ የባለሙያ ሥቃይ ይሠቃያል። «ግድግዳው እኮ እየወፈረ ነው፤ አዳራሹ ሊጠብባችሁ ነው» አለኝ አንድ ቀን። የልጆቹን አገልግሎት ልብ የሚል ግን የለም። ልጆቹ ብሩሽ ያቀብላሉ፣ እጅ ያስታጥባሉ፣ እንግሊዝኛ ይለማመዳሉ፣ ቤቷ የናፈቃትን ያጽናናሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ለስንብቱ ያለቅሳሉ። ለማገልገል የመጣው ቡድን እንዲህ ተገልግሎ ሲሄድ ልጆቹ አንድ ቀን ያርፋሉ፤ ሰኞ ሌላ ቡድን አለ።

ኃላፊያችን ጆርጅ ሙለርን ይወዳሉ። ሙለር ፕሩሺያ ተወልዶ፣ በ1836 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ብሪስቶል ማሳደጊያ የከፈተ ሰው ነው፤ በዕድሜው ከ10,000 በላይ ልጆችን ያሳደገው ከማንም ገንዘብ ሳይለምን፣ ጉድለቱን ለእግዚአብሔር ብቻ እየነገረ መሆኑ በብዙ መድረክ ይተረካል። ኃላፊያችንም ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው ይህንኑ እየሰበኩ «እኛም ለሰው አንናገርም!» ይላሉ። ማክሰኞ በቴሌግራም ቻናላችን ላይ «የጸሎት ርዕስ፦ ዘይትና ጤፍ» የሚል ይለጠፋል፤ ከጸሎቱ ርዕስ ሥር የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። አልፈርድባቸውም። ሙለርም ቢሆን ያገኘውን ሁሉ በዝርዝር የሚያሳይ ሪፖርት በየዓመቱ እያሳተመ ያሰራጭ ነበር። ሪፖርት ደግሞ በጨዋ ቋንቋ ብዙ ነገር ይናገራል።

ችግሩ የሚመጣው ለጸሎት ርዕስነት የማይመች ጉድለት ሲፈጠር ነው። ዘንድሮ በነሐሴ መጨረሻ ሽንት ቤቱ ሞላ። አንድ ነጋዴ ለዕንቁጣጣሽ ሊጎበኙን አስበው ኖሮ ደወሉ፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ልጆቹ ምን ያስፈልጋቸዋል?»

«ሽንት ቤት ማስመጠጥ ነበር፣ ጋሼ።»

ጸጥ አሉ። «ሌላስ?»

«የልብስ ሳሙና።»

«እሺ… ሌላ፣ ልጆቹ የሚደሰቱበት ነገር ማለቴ ነው።»

«ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ ቢመጠጥ በጣም ነው የሚደሰቱት።»

ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ እሺ አሉ። ነገር ግን ባነሩ አስቀድሞ ታዝዞ ነበርና በተባለው ቀን መጣጩ መኪና ከፊት፣ የእሳቸው መኪና ከኋላ ሆኖ ግቢያችን ገቡ። «ነገ የተሻለ ይሆናል» የሚለው ባነር በቦቴው ጎን ላይ ተወጠረ። ቱቦው ጉድጓዱ ውስጥ ተነክሮ ሞተሩ ሲነሳ አዋቂው ሁሉ ነጠላውንና መሐረቡን ወደ አፍንጫው ሰደደ፤ እትዬ ማድ ቤቷን ዘግታ ጠፋች። ልጆቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ትንንሾቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ተሰልፈው «እንኳን ደህና መጡ»ን ሳይሸራርፉ ዘመሩ። ነጋዴው በተርታው መሐል ቆመው ለካሜራው ፈገግ ለማለትና ትንፋሻቸውን ለመያዝ በአንድ ጊዜ ሲታገሉ፣ ያቺ የጨው ዳኛ እጅጌያቸውን ሳብ አደረገቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ለፀሐይዋ ጀርባ አይስጧት፤ ፊትዎ ይጠቁራል። ወደ ቱቦው ዞር ይበሉ» አለቻቸው።