ይሉኝታ በ7,500 ጫማ ከፍታ

ክብደቱን የተጠየቀ ሰው ጥቂት ኪሎ ቢቀንስ እግዜርም የሚቀየመው አይመስለኝም። ስለዚህ በዚያ የጥር ማለዳ፣ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከአንዲት ባለአንድ ሞተር ሴስና ክንፍ ሥር ቆመን፣ አብራሪው የታላቅ እህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?» ሲለኝ ሳላቅማማ «ሰባ ሁለት» አልኩት። አልተከራከረኝም። ከአውሮፕላኗ ሆድ አንዲት ጠፍጣፋ ሚዛን አውጥቶ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠና እንድወጣባት በትህትና ጋበዘኝ። ሚዛኗ ሰማንያ አራት አለች።

«ጫማው ነው» አልኩ።

«አሥራ ሁለት ኪሎ ጫማ?» አለ አብሮን የሚሄደው ፎቶ አንሺ፣ ጎንበስ ብሎ እግሬን እያየ።

የእህቴ ልጅ አልሳቀም። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ አስፍሮ፣ «አይቀየሙኝ ጋሼ፤ አውሮፕላን ይሉኝታ አያውቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዘንባባው፣ ሐይቁና ሙቀቱ ያዘናጋናል እንጂ አየሯ የደጋ አየር ነው፤ ስስ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ይበልጥ ይሳሳል። ያን ጊዜ ክንፍ የሚደገፍበት ያጣል፣ ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንንሽ አውሮፕላኖች በማለዳ መነሳት የሚመርጡት፣ ተሳፋሪም እንደ በርበሬ ኬሻ የሚመዘነው ለዚህ ነው። ለካ አንድ የፍየል ግልገል ብብቴ ሥር ደብቄ ልሳፈር ኖሯል።

የሄድነው እምቦጭን ለማየት ነበር። ይህ መጤ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታና ላይ መታየቱ ከተሰማ ወዲህ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ ከፎገራ እስከ ደንቢያ ያለውን፣ ሲያለብስና ሲያራቁት ኖሯል። ፎቶ አንሺው ከኋላ ሆኖ በመስኮት ያነሳል፤ እኔ ጽሑፉን እጽፋለሁ። ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር ለእኔ ደረሰኝ። በማዕረግ አይደለም፤ በኪሎ ነው።

ከወንበሩ ጋር ሥራም ተሰጠኝ። ታብሌቱን መስታወቱ ላይ የሚይዘው ነገር ተሰብሮ ስለነበር ታብሌቱ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ በሥርዓት የታጠፈ የወረቀት ካርታ ተደረገ። «ታብሌቱ ዋናችን ነው፣ ወረቀቱ ተጠባባቂ። እኔ ዓይኔ ውጭ ነው። ስጠይቅዎ ያለንበትን ይነግሩኛል» አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ለሚያለቅስ ሕፃን የመኪና ቁልፍ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ሥራው ለእኔ ጸጥታ ተብሎ የተሰጠ መሆኑን የተረዳሁት ካረፍን በኋላ ነው።

ዓይኑ ውጭ የሆነበት ምክንያት አለው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብ ያለችበትን የሚያሳይ ካርታ በወረቀትም የለም፣ በታብሌትም የለም። የባሕር ዳር ሰማይ ደግሞ ርግብ ብቻ ሳይሆን በርሜል የሚያህል ይብራም ያለበት ሰማይ ነው።

ታወሩ «ቆዩ» ብሎን ስንጠብቅ የእህቴ ልጅ ስለ ካርታ ያጫውተኝ ገባ። ነገሩ የተጀመረው በደብተር ነው አለኝ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤልሪ ጄፕሰን የተባለ አሜሪካዊ የፖስታ አውሮፕላን አብራሪ በ10 ሳንቲም አንዲት ትንሽ ጥቁር ደብተር ገዛ። የሜዳውን ርዝመት፣ የኮረብታውን ቁመት፣ ስለ አየሩ ጠባይ ቢደወልለት የሚመልስ ገበሬ ስልክ ቁጥር ሳይቀር ይመዘግብባት ጀመር። ባልንጀሮቹ «ገልብጥልን» ብለው አላስቀምጥ ሲሉት በ10 ዶላር ይሸጥላቸው ገባ፤ በ1934 ንግድ ሆነ። ያቺ ደብተር ወልዳ ተዋልዳ የአንድ አብራሪ ቦርሳ 16 ኪሎ ያህል ወረቀት እስከ መሆን ደረሰ። የበረራ ካርታ በየ28 ቀኑ ስለሚታደስ፣ አሮጌውን ገጽ እያወጡ አዲሱን መክተት ራሱን የቻለ ቅጣት ነበር።

«ታብሌት ከዚህ ገላገለን» አለ። ከትልልቆቹ አንዱ፣ አሜሪካን አየር መንገድ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ቦርሳውን ጥሎ ወደ አይፓድ ዞረ። በሚያዝያ 2015 ደግሞ በአንድ ቀን የብዙ አብራሪዎች አይፓድ ላይ የካርታው ፕሮግራም ደርቆ ቀረ፤ በረራዎች ከመነሻቸው ዘገዩ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ የአንድ የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ካርታ ሁለት ጊዜ ገብቶ ነው።

«እና የቱ ይሻላል?» አልኩት።

«ወረቀት ያረጃል እንጂ አይጠፋም። ታብሌት አያረጅም፤ ይጠፋል።» ይህን ብሎ ጋዙን ገፋው።

ተነሳን። ሐይቁ ከሥራችን ሲከፈት ከኪሴ የፀሐይ መነጽሬን አውጥቼ አደረግሁ። ውድ መነጽር ነው፤ የውሃ ነጸብራቅ ይቆርጣል ተብሎ የተሸጠልኝ። ጭኔን ባይ ታብሌቱ እንደ ጀበና ጠቁሯል።

«ጠፋ! ታብሌቱ ጠፋ!»

የእህቴ ልጅ አንድ እጁን ልኮ ታብሌቱን ወደ ጎን አዞረው። ታና ከነደሴቶቹ ተመልሶ በራ። ቀጥ አደረገው፤ ጠፋ። አጋደመው፤ በራ። «መነጽርዎ ነው ጋሼ። ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር የስክሪንንም ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይቆርጠዋል። አብራሪ እንዲህ ያለውን የማያደርገው ለዚህ ነው።» ከኋላ የፎቶ አንሺው ሳቅ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ገባ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ላልጮህ ለራሴ ማልሁ። ጥፋቱ ሁሉ ከዚህ መሐላ ነው የመጣው።

የምሥራቁን ዳርቻ ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። የጉማራ ወንዝ አፉን ከፍቶ ታየ፤ ቀጥሎ ርብ። ከርብ ወዲያ ሰፊ አረንጓዴ መስክ ተዘረጋ፤ ለጥ ያለ፣ ለጉግስ የሚመች። አዋቂ መስዬ፣ «ሞተሩ እንቢ ቢል እዚህ መስክ ላይ ማረፍ ነው» አልኩ።

«እስቲ ወረቀቱን ይዩት።»

ካርታውን አወጣሁ፤ እንደታጠፈ ማየት ሲገባኝ እንደ ጋቢ ዘረጋሁት። አንዱ ጫፍ የፊት መስታወቱን፣ ሌላው የእህቴን ልጅ አገጭ ሸፈነ። ለአንድ አፍታ አውሮፕላኗ ካርታ ተከናንባ በረረች። ያላዋቂ ሳሚ የሚባለው እኔ ነኝ። ታግለን ወደ ቦታው ስንመልሰው አየሁት፤ እኔ መስክ ያልኩት ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ነው። ሐይቅ ነው። ያ አረንጓዴ ሣር አይደለም፣ እምቦጭ ነው።

«እዚያ ላይ ብናርፍ የሚያወጣን ዓሣ አጥማጅ ነው» አለ የእህቴ ልጅ።

ያ ካርታ ባሕር ዳርን በአንዲት ነጥብ የሚያልፍ አሮጌ ነው። ቢሆንም ስለ ውሃው ከዓይኔ ይልቅ እሱ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ፎቶ አንሺው አረሙን እያነሳ የመገጭን አፍ አልፈን ጎርጎራ ደረስን። እዚያ የእህቴ ልጅ ሰዓቱን አየና ጉልበቱ ላይ ባሰራት ወረቀት በእርሳስ አንድ ነገር ጫር አደረገ። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ደቡብ አዞራት፤ ሐይቁን መሀል ለመሀል ሰንጥቀን በደቅ ደሴት በኩል ልንመለስ ነው።

ታና ከሰሜን ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 66። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። በጥር ጭጋግ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ከጎርጎራ ጥቂት እንደራቅን ዳርቻው በኋላም በጎንም ጠፋ። ውሃው እንደ ሰማዩ ግራጫ፣ ሰማዩ እንደ ውሃው ጸጥ ያለ። የከፍታ መለኪያው 7,500 ጫማ ይላል፤ ነገር ግን ሐይቁ ራሱ 5,900 ጫማ ግድም ላይ ስለተኛ ከሆዳችን ሥር ያለው 1,600 ብቻ ነው። የታና ልጅ ነኝ እያልኩ ኖሬ በታና ላይ ሆኜ ታናን አጣሁት።

«ጋሼ፣ ለደቅ ስንት ቀረን?»

ታብሌቱን አየሁ። ጥቁር ነው። መነጽሩ ነው ብዬ አጋደምኩት፤ ጥቁር። ቀጥ አደረግሁት፤ ጥቁር። መነጽሬን አውልቄ ማየት ስችል፣ ፎቶ አንሺው ከኋላ እያየኝ መሰለኝና አፈርኩ። በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ «ጠፋ» ብሎ መጮህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ክብደቴን እንደተናገርኩት፣ ያለ ማመንታት «ስድስት ማይል» አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። «አምስት» አልኩ። ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱ ለሰሚው ደስ የሚል መሰለኝ። ሦስተኛ ጊዜ «አራት» ስል ዞር ብሎ በቀስታ «መነጽርዎን ያውልቁ» አለኝ። አወለቅሁ። ታብሌቱ ሞቷል። ጭኔ ላይ፣ በመስታወቱ የሚገባው ፀሐይ ፊት ለፊት ተሰጥቶ፣ ግሎ ራሱን አጥፍቷል። ሲነኩት እንደ ምጣድ ይፋጃል። ጭኔም የነገረኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

«ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከጎርጎራ... ትንሽ ወዲህ።»

እርሳሷን አሳየኝ። ጎርጎራን የለቀቅንበት ደቂቃ ተጽፏል፤ ከሥሩ «20 ማይል፣ 12 ደቂቃ» ይላል። መቶ ማይል በሰዓት፣ ኮምፓሱ ደቡብ፣ ሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ከጭጋጉ ውስጥ በግራችን እንደ ሞሰብ ክዳን የሾለች ጥቁር ኮረብታ ብቅ አለች፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የነዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈባት። በቀኟ ደቅ ዝርግ ብሎ ተኝቷል። በእኔ አቆጣጠር ገና ሦስት ማይል ይቀረን ነበር።

ካረፍን በኋላ ስድብ ጠበቅሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ጥፋቱ የእኔም ነው። ስድስት ሲሉኝ ልክ እንዳልሆኑ አውቄያለሁ። አጎቴን ውሸታም ልበል? ብዬ ተውኩት» አለኝ። ከዚያ ተነሪፌ ደሴት ላይ በመጋቢት 1977 እ.ኤ.አ. ስለተጋጩት ሁለት ጃምቦዎች ነገረኝ። በጉም ውስጥ ነው፤ አንዱ ሊነሳ ሲንደረደር ሌላው ገና ማኮብኮቢያው ላይ አለ። በሚነሳው ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ «ያኛው አልለቀቀም እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። የተከበረው ካፒቴን «ለቋል» አለ፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። 583 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የበረራ ሠራተኛ ለታላቁ መናገርን፣ ታላቁም መስማትን እንደ ትምህርት ይማራል።

እኛ ደግሞ ተቃራኒውን ነው ተምረን ያደግነው። መንገድ የጠፋው ሰው «ጠፋብኝ» ከሚል ሦስት ሰፈር ቢዞር ይመርጣል። የተጠየቀውም «አላውቅም» ከሚል ወደ አንዱ ማዕዘን እጁን ይዘረጋል። ምድር ላይ ይህ ጫማ ከመጨረስ በቀር ጉዳት የለውም፤ ሰማይ ላይ ግን አለው። ወረቀቱ ሰማያዊውን ሰማያዊ አለ፤ ታብሌቱም ሲሞት ጠቁሮ ተናገረ። በዚያች አውሮፕላን ውስጥ የተሳሳተ ነገር የነገረ ባለሁለት እግር መሣሪያ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ቡና ይዤ ስተክዝ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ወደ ዳር ስበው ማገዶ ያወርዳሉ። ታንኳው የደንገል ነው። ግብፆች የጥንቱን ወረቀት የሠሩት ከዚሁ ደንገል ነው፤ ፈረንጆች ወረቀትን የሚጠሩበት ስምም ከደንገሉ ስም፣ ከፓፒረስ፣ የወጣ ነው። ስለዚህ ሰውየው በወረቀት አያት ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት።

«አባቴ፣ ጭጋግ ሲሆን፣ ዳሩ ሳይታይዎት፣ መንገዱን በምን ያውቁታል?» አልኳቸው። ስለ ነፋስ፣ ስለ ማዕበል፣ ስለ ከዋክብት አንድ ጥበብ ጠብቄ ብዕሬን አወጣሁ።

«ካልታየኝማ ምን ቆርጦኝ እነሳለሁ?» አሉኝና እንጨታቸውን ቀጠሉ።

የእህቴ ልጅ ያን አሮጌ ካርታ መታሰቢያ ብሎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ መጥታ አየችው፤ «ጠፋን ያላችሁት የት ጋ ነው?» አለች። ጣቴን ከጎርጎራ በታች፣ ሰማያዊው መሀል አሳረፍኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች።