ለሲጋራ ቦታ አለ፣ ለዕጩ የለም

እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ለምክር ቤት የሚወዳደሩት ሃሪ ሌማን፣ በሼከር ሃይትስ ከተማ የሕዝብ ባቡር ውስጥ ማስታወቂያ ሊለጥፉ ገንዘባቸውን ይዘው ቀረቡ። ቦታ ነበር፤ መልሱ ግን «ለፖለቲካ አንሸጥም» ሆነ።

እዚያው ባቡር ውስጥ ሲጋራው፣ መጠጡ፣ ባንኩና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተለጥፈው በሰላም ይጓዙ ነበር። የሚያሰክረውም፣ የሚያበድረውም፣ ንስሐ የሚያስገባውም ተሳፍሮ ነበር፤ ደጅ የቀረው ዕጩው ነው።

ሌማን ከሰሱ፤ ክርክሩም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1974 ከተማዋ 5 ለ 4 ረታች። ዳኛ ዊሊያም ዳግላስም ለተሳፋሪው አዘኑለት፦ ሰው ባቡር የሚሳፈረው ወደ ጉዳዩ ለመድረስ እንጂ የማንንም መልእክት ለመስማት አይደለም፤ ማምለጫም የለውም።

እውነት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የውስኪ ጠርሙስ ላይ ማፍጠጥ ምን አለው? የሚከብደው የተመራጭ ፈገግታ ነው! ደግሞም ለሲጋራ እንፍረድለት፦ በአሜሪካ ከ1966 ጀምሮ ማስጠንቀቂያውን ፓኮው ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። የዕጩ ማስጠንቀቂያ ግን የሚነበበው ከተመረጠ በኋላ ነው።