አንድ ኪሎ ተኩል ቴሌስኮፕ፣ አምስት ኪሎ ብረት

ቴሌስኮፕ ልገዛ ነው ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይታወቃል። «ስንት ድረስ ያሳያል?» ጠያቂው ሐኪም ሆነ ሹፌር፣ ዲያቆን ሆነ የባንክ ሠራተኛ፣ ጥያቄው አይለወጥም። እኔም መልሱን ሸምድጄዋለሁ። «በባዶ ዓይንህ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ድረስ ታያለህ፤ እሱን ምን አደረግህበት?» እላለሁ። ውሸት የለውም። ኅዳር ላይ ከከተማ ራቅ ብሎ ሽቅብ ላንጋጠጠ ሰው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ዛሬ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃኗ ከዚያ በተነሣበት ዘመን፣ አፋር ውስጥ ጎና ላይ ድንጋይ እየጠረቡ ስለት የሚያወጡ ፍጡራን ነበሩ። ይህን ሁሉ አስረድቼ ሳበቃ ሰውየው ትንሽ ዝም ይልና «እሺ፣ እሱስ ይቅር፣ የምትገዛው ስንት ድረስ ያሳያል?» ይላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጎረቤት ነው። እሱ በቀጥታ አይቀርብም። «ማታ ማታ ነው አሉ የምትሠራበት?» ተብሎ ይጀመርና ወሬው ዞሮ ዞሮ የመጋረጃ ጨርቅ ስለ መወደዱ ይሆናል። ሦስተኛው የባለቤቴ ጥያቄ ነው፤ ለእሱ ቆይተን እንመለሳለን።

እኔ የምፈልገው ሰማይን በቴሌስኮፕ ማየት ሳይሆን ፎቶ ማንሣት ነው፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም፤ ያገኘውን እዚያው ይጨርሳል። ካሜራ ግን ቋጣሪ ነው። ደቂቃ በደቂቃ ላይ፣ ፎቶ በፎቶ ላይ እየደረበ ዓይን ጨርሶ የማያውቀውን ያወጣል። ስለዚህ ለዓይን ትልቅ ቴሌስኮፕ ይሻላል፤ ለካሜራ ግን ትንሹም ይበቃል፤ ንቅንቅ ካላለ። መከራው ያለው እዚህ «ንቅንቅ ካላለ» የምትለው ላይ ነው።

ይህን ሻጭ አይነግርህም። ካርቶኑ ላይ ሳተርን ከነቀለበቷ ተንጣላለች፤ ከሥሯ በወፍራሙ «675 ጊዜ ያጎላል» ተብሏል። ካርቶኑ ሲከፈት 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ሌንስና ከሩቅ ሲያስነጥሱ የሚወዛወዝ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይወጣል። የሙያው ሰዎች መለኪያ ቀላል ናት፤ የሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ያዝና በሁለት አባዛው፤ ከዚያ በላይ ማጉላት ብዥታውን ማጉላት ነው። የ60 ሚሊ ሜትሯ አቅም 120 ላይ ያበቃል። የቀረው 555 የካርቶኑ ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ቴሌቪዥንም ይሁን የፋሲካ በግ ትልቁን ነው የሚገዛው። «ከገዛህ አይቀር ባለ 8 ኢንቹን ግዛ» አለኝ። ሽሚት ካሴግሬን የሚባለው ባለ 8 ኢንች በእርግጥ ግርማ አለው። ወፍራም፣ አጭር፣ ብርሃኑን ውስጥ ለውስጥ በመስታወት እያጣጠፈ 2032 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት በክንድ በማትሞላ በርሜል ውስጥ ይከታል። ለፕላኔት ፎቶ ብዙዎች የሚመርጡት ነው። እኔ ግን እርሳስና ወረቀት አወጣሁ። የትኩረት ርቀቱን ለ110 ብታካፍለው ጨረቃ በካሜራው ሴንሰር ላይ የምትይዘውን ስፋት ታገኛለህ። 2032 ለ110፣ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል። የካሜራዬ ሴንሰር ቁመት ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ጨረቃ እንኳ ወይ አናቷ ወይ አገጯ ይቀራል። አንድሮሜዳማ ስድስት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ነው ወርዷ።

«ታዲያ ምኗን ልታነሣ ነው?» አለኝ።

«እምብርቷን ብቻ።»

ወዳጄ አሰበ፣ አሰበና «ባለ 12 ኢንቹስ?» አለ።

ባለ 12 ኢንቹ በአቅም የሚገዛው ዶብሶኒያን ነው። ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው፤ ሰውየው ካሊፎርኒያ ውስጥ የቬዳንታ ገዳም መነኩሴ ነበር። የመርከብ መስኮት መስታወት እየሞረደ ቴሌስኮፕ ይሠራል፤ ከገዳሙ እየወጣም ለሰፈሩ ሰው ሰማይ ያሳያል። በ1967 እ.ኤ.አ. ከገዳሙ ተባረረ። (እኛ ዘንድ መነኩሴ በሌሊት ወጥቶ ኮከብ ሲቆጥር ቢገኝ ምን ስም እንደሚወጣለት አንባቢ ያውቀዋል።) የዶብሰን ጥበብ ትልቁን መስታወት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በእጅ በሚዞር የእንጨት ሣጥን ላይ ማስቀመጡ ነው። ዋጋው ቀላል፣ ለዓይን ድንቅ። ለእኔ ጉዳይ ግን አይሆንም፤ ሰማዩ አይቆምልህማ። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ጊዜ ስለምትዞር ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ለመሸሽ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። አምስት ደቂቃ ፎቶ ላንሣ ያለ ሰው በዶብሰን ሣጥን የሚያገኘው ኮከብ ሳይሆን ሰረዝ ነው።

ስለዚህ ቴሌስኮፕ መምረጥ ማለት ማውንት መምረጥ ማለት ነው። ማውንት ቴሌስኮፑን ተሸክሞ፣ አንዱን ዘንጉን ከምድር ዘንግ ጋር አስተካክሎ፣ ምድር በዞረችው ልክ በሞተር ወደ ኋላ የሚመልስ ብረት ነው። ሰርግ ቤት የሚታየው ሙሽራው ነው፤ ሰርጉን የተሸከሙት ግን ጓዳ ያሉት ናቸው። ብሩን ጓዳ ላይ ማፍሰስ ነው እንግዲህ፤ ደህና ማውንት ከትንሽ ቴሌስኮፕ ዋጋው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው የባለቤቴ ጥያቄ የመጣው። «ማየት የማይችለው ነው የሚወደደው?» አለችኝ። አዎ። ታሪክ ይረዳኛል ብዬ ስለ ሄንሪ ድሬፐር አወራኋት። በመስከረም 1880 እ.ኤ.አ. የኦሪዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ያነሣው እሱ ነው፤ ካሜራው 51 ደቂቃ ተከፍቶ ቆየ፤ ቴሌስኮፑ ያን ሁሉ ጊዜ ኮከቡን ካልተከተለ ከንቱ ነበር። ሚስቱ አና ደግሞ አብራው ትሠራ ነበር፤ እሱ ሲሞት ገንዘቧን ለሃርቫርድ ሰጥታ በስሙ የከዋክብት መዝገብ አሠራች። ይህን በለሰለሰ ድምፅ ነው የነገርኳት። ባለቤቴ ስልኳን አነሣች፣ ፈለገች፣ አነበበችና፣ «የአና አባት ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። የኔ አባት ጡረተኛ ነው» ብላ ስልኳን አስቀመጠች። ክርክሩ ሲያልቅ የካሜራዬን ሌንስ ሸጬ ጎዶሎውን እንድሞላ ተወሰነ። ቴሌስኮፑ ራሱ የካሜራው ሌንስ ስለሚሆን ኪሳራ አልመሰለኝም።

ቴሌስኮፑን መምረጡ ከዚያ በኋላ ቀለለ። 51 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 250 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ግድም፤ ከቡና ጀበና የማይበልጥ ነገር። ውድ ያደረገው መስታወቱ ነው። በተራ ሌንስ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን እኩል ቦታ ላይ ስለማይገናኙ በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለበት ይወጣል፤ አፖክሮማት የሚሉት ዓይነት ግን በልዩ መስታወት ቀለሞቹን ያስታርቃል። አንድሮሜዳ ከነአጃቢዎቿ ገብታ ቦታ ይተርፋል። ትልቅ ወዳዱ ወዳጄ ሲያያት «ይቺ የትኛው ክፍሉ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማውንቱን የሚያመጣልኝ ዋሽንግተን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነበር። በስልክ አጠቃቀሙንም አስረዳኝ። «ምንም አይደል፤ የሰሜን ኮከብ ላይ ማነጣጠር ብቻ ነው» አለ። ለእሱ ምንም አይደል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የምትርቀው በቆምክበት ኬክሮስ ልክ ነው፤ ዋሽንግተን ላይ 39 ዲግሪ ወጥታ ትታያለች። አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ናት። ክንድህን ዘርግተህ ጭብጥህን አድማስ ላይ ብታስቀምጥ ጭብጥህ ይሸፍናታል። የእኔ አድማስ ደግሞ እንጦጦ ነው፤ ከእንጦጦ በፊትም የጎረቤታችን ጂ ፕላስ አራት ቆሟል።

«አሁን የት ጋ ናት?» አለኝ።

«ከጎረቤት ሮቶ ጀርባ።»

እንጦጦ አናት ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነሱ ኮከቧን ያያሉ፤ እኔ የቆሙበትን ተራራ አያለሁ። ደግነቱ አሁን ኮከቧን ሳያዩ የሚያስተካክሉበት ፕሮግራም አለ፤ ካሜራው ያገኘውን ሰማይ ያነሣል፣ ኮምፒውተሩ ከዋክብቱን ይለይና «ይህን ብሎን ወደ ቀኝ፣ ያንን ወደ ግራ» ይላል። ደግሞም ሁሉም ነገር አልጎደለብንም። የአጎቴ ልጅ ዋሽንግተን ግቢው ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቢቀመጥ የደቡብ መስቀልን አያያትም፤ ከአድማሱ በላይ አትወጣለትማ። እኛ ግንቦት ላይ በአንድ ምሽት እሷንም የሰሜን ድብንም እናያለን። ይህን ስነግረው ወሬ ቀየረ።

ወሬውን የቀየረው ወደ ሻንጣ ነው። አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ የአክስቶቻችን ጫማና የልጆች ልብስ አለ።

«እዚህ ዕቃው ላይ አምስት ኪሎ የሚል አለ፤ ምንድን ነው?»

«ሚዛን መጠበቂያ ነው። በአንዱ በኩል ቴሌስኮፑ፣ በሌላው በኩል እሱ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከብረት።»

«ደፍን ብረት?»

«ደፍን ብረት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ስማኝ ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «መርካቶ ተወልጄ፣ ምናለሽ ተራን እየረገጥኩ አድጌ፣ ከአሜሪካ ብረት ተሸክሜ አልመጣም።» እውነቱን ነው። ለእንቁጣጣሽ ሲመጣ ማውንቱን ያለ ብረቱ አመጣው፤ እኔም ምናለሽ ተራ ወርጄ ከአንድ ያረጀ የጭነት መኪና የወጣ ጥርስ አገኘሁ፤ ዝገቱ ውስጥ ቅባቱ ገና አልደረቀም። ቶርኖ ቤት ወስጄ መሐሉን በማውንቱ ዘንግ ልክ አስበሳሁት። ባለ ቶርኖው ሥራው ጥንቅቅ ያለ ሰው ነው፤ በካሊፐር ለካ፣ ፋቀ፣ ደግሞ ለካ። ዘንጉ ላይ ሲገባ ሳይጠብቅ ሳይላላ «ጭልፍ» አለ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ካሊፐሩን በጨርቅ እየወለወለ «ስንት ድረስ ያሳያል?» አለኝ።

የቀረው ሰማዩ ነው። ክረምት እንዳይነሣብኝ፤ የፍኖተ ሐሊብ ማእከል እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚቆመው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ያኔ የእኛ ሰማይ ጣራ ነው። እሱን የፈለገ ሚያዝያ ላይ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሣ፤ በልግ ካልቀደመው። የበጋው ግን የተባረከ ነው። ኅዳር የአንድሮሜዳ ነው፤ ጥምቀት አካባቢ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኦሪዮን ከአናታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ እንደዚያ ከፍ ብሎ ለአውሮፓ ሰው አይታይም።

ኅዳርን እያሰብኩ የጂ ፕላስ አራቷ እማማ ዘንድ ሄድኩ። የመጋረጃውን ነገር ያነሡት እሳቸው ናቸው። ጣራቸው ጥግ ላይ ግቢዬን ቀን የሚያስመስል ፓውዛ አላቸው።

«ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ቢያጠፉልኝ» አልኳቸው።

«ሌባስ ልጄ?»

«እኔ ውጭ ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ እቀመጣለሁ።»

ይቺ አማረቻቸው፤ ነጻ ዘበኛ ተገኘ። ግን ነገር ነበራቸው። የልጅ ልጃቸው ሰማንያ ቀኗ ኅዳር ላይ ይሞላል፤ ክርስትናዋን እንዳነሣላቸው ይፈልጋሉ። ከሌሊቱ የአንድሮሜዳ ሥራ በቀጥታ ወደ ማለዳ ጥምቀት መሆኑ ነው።

«እማማ፣ ሌንሴን ሸጬዋለሁ። ያለኝ ቴሌስኮፑ ብቻ ነው» አልኳቸው።

«የጨረቃን ገደል ካነሣ የኛን ልጅ አያቅተውም።»

«አያቅተውም፤ ግን ያቀርባል። አሥር ሜትር ላይ ብቆም ሕፃኗና የያዛት ክንድ ብቻ ነው የሚገባው። ዘመዱን ሁሉ አሰልፌ ላንሣ ካልኩ ከመቶ ሜትር በላይ መራቅ አለብኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መቶ ሜትር እኮ አስፋልቱን ተሻግሮ ታክሲ ተራው ላይ ነው።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ታዲያ ታክሲ ተራው ላይ ቁማ! ተራ አስከባሪዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ።»