«ድክመቴ? ሥራ ማብዛቴ!»

ለፕሮዳክት ሳፖርት አናሊስት ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ብልህ ሰው፣ የሚደግፈውን ሶፍትዌር ከፍቶ እንዳያይ አደራ። የከፈተ ሰው ጥያቄ ያበዛል፤ ጥያቄ ያበዛ ደግሞ መልስ የሚሸመድድበት ጊዜ ያጣል። ይልቅ ሁለት ሌሊት ለ«እስቲ ስለ ራስህ ንገረን»፣ ሌላ ሁለት ሌሊት ለ«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» ይመድብ። ድክመቱን ሲጠይቁት አንገቱን ሰበር አድርጎ «ሥራ አበዛለሁ» ይበል። ጠያቂዎቹ ይህን ኑዛዜ ከማለዳ ጀምሮ ከእጩ ሁሉ ቢሰሙትም፣ ገና ዛሬ እንደተሰማ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፉታል። ጨዋነት ይሏል ይህ ነው!

ከዚያ ስታር (STAR) የሚባለው የመልስ አሰጣጥ ዘዴ ይመጣል። ሁኔታው ምን ነበር፣ ምን ተጠበቀብህ፣ ምን አደረግህ፣ ምን ተገኘ? ዘዴው የታሰበው ሰው በእርግጥ የሠራውን እንዲናገር ነው። በእኛ እጩዎች አፍ ግን አንድ የተቆጣ ደንበኛ ወልዷል። ይህ ደንበኛ በከተማው መሥሪያ ቤት ሁሉ ይቆጣል፣ በሁሉም ዘንድ ይረጋጋል፣ በመጨረሻም የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል። አንድም ቀን ስልኩን ጆሮ ላይ ዘግቶ አያውቅም።

ለእንቆቅልሽም መዘጋጀት ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ኳስ ይገባል? የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ በ2013 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ምንም እንደማይተነብዩ፣ በዋናነት የሚጠቅሙትም ጠያቂው ብልህ የሆነ እንዲመስለው እንደሆነ ተናግሯል። ታዲያ ይህ ትንሽ ጥቅም ነው?

ሥራው ራሱ ግን ሌላ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ደጅ ተሰለፉ። ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው ያላግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት መሆኑን ገለጸ። እንዲህ ባለ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስ ባለሙያ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን ማንም አይጠይቀውም። መቼ ጀመረ? በመጨረሻ የተነካው ምንድን ነው? ወደ ነበረበት ይመለሳል? ማን ይቀስቀስ? ይህን ከሎግና ከዳታቤዝ የሚያወጣ፣ ያልገባውን «አላወቅኩም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» የሚል ሰው ነው የሚፈለገው።

እንዲህ የሚል ሰው ግን ቃለ መጠይቅ ላይ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ተብሎ ይወድቃል። ደንበኛ እያረጋጋ የመጣው ደግሞ ይቀጠርና በመጀመሪያው ሰኞ «ሲስተሙ አይሠራም» የሚል ቲኬት ሲደርሰው፣ የትኛው ገጽ፣ በማን ስም፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ብሎ ሳይጠይቅ ለዴቨሎፐሮቹ ያስተላልፈዋል።

ለእጩ አንድ የተበላሸ ሪፖርት፣ አንድ ሎግ ፋይልና 30 ደቂቃ መስጠት ብዙ ወጪ የለውም። ችግሩ ጠያቂዎቹ አስቀድመው ሎጉን ራሳቸው ማንበብ የሚኖርባቸው መሆኑ ነው።