ታቦር ላይ አድማጭ ጠፋ

ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ዘንድሮ ዘፈን ያልደረሰ ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል ወይ ፓኬጁ አልቋል። ጀበና ቡና ቤት ተቀምጣችሁ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀርብ አንዱ ስልኩን ያወጣና «አዲስ ሥራዬን ላሰማችሁ» ይላል። «ሥራዬ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ትሕትና መሆኑ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው። ሱኖ የተባለውን ዘፈን ሠሪ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ይከፍትና «ስለ ሐይቁና ስለ ከዳችኝ ልጅ፣ በትዝታ ቅኝት፣ ሳክስፎን ይግባበት» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ዘፈን ይወልዳል። ደራሲያችን ሁለቱንም ሰምቶ አንዱን ይመርጣል። ከባዱ ድካም ይሄ ነው። ባቲን ከአምባሰል መለየት ይቅርና፣ ሠርግ ላይ ጭብጨባው እንኳ ከከበሮው ቀድሞ የሚያርፍ ሰው ዛሬ ስለ «ሚክሲንግ» ያስተምረናል።

ማሽኑም የራሱ ጉድ አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይለትምና የሚላላውን አጥብቆ፣ የሚጠብቀውን አላልቶ ይዘፍናል። ትዝታው አምስት ድምፅ ይዞ ይነሳና መሐል ላይ ያልተጠራ ስድስተኛ ይገባበታል። ደራሲውን ብትጠይቁት «ዘመናዊ አደረግሁት» ነው መልሱ።

ሙዚቃን በማሽን ማቅናት መቼም ዛሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የዘፋኝን ድምፅ የሚያቃናውን ኦቶቲዩን ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ ከከርሰ ምድር የሚመለስ ሞገድ ሲተነትን የኖረ ሰው ነው፤ በዚያው ሒሳብ ስንቱ ጉሮሮ ዘፋኝ ሆነ! የእኛው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከከበሮ ማሽንና ከኪቦርድ ጋር አዋሕዶ ካሴት ሲያወጣ ባንዱ አጠገቡ አልነበረም። የዋሊያስ ባንድ ዓመታት ግን ጣቱ ላይ ነበሩ። ማሽኑ ምት ጠበቀለት እንጂ ምን እንደሚሰማው አልነገረውም።

ደስታቸውን አልነፍጋቸውም። አንዷ የሰፈር ልጅ ለእናቷ ልደት ያሠራችው ዘፈን እናትየውን አስለቅሷቸዋል፤ የእናት እንባ ደግሞ ቅኝት አይመርጥም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሁሉም ደራሲ ሲሆን ሰሚ አለቀ። ስለዚህ ማዳመጥ በዕቁብ ሆኗል፤ ዛሬ የኔን ሦስት ደቂቃ ከሰማህ ነገ ያንተን እሰማለሁ። ዕጣው የደረሰው ያጫውታል፣ ሌላው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ የራሱን ተራ ይቆጥራል። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ለተላከ ዘፈን ሁሉ በአሥር ሰኮንድ ውስጥ የእሳት ምልክት ይዘንብለታል፤ ዘፈኑ ራሱ ሦስት ደቂቃ ተኩል መሆኑን ማንም አያነሳም።

ሰሞኑን ወሬው ባጃጅ ውስጥ ገብቷል። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ «እናቴ፣ ይሄ እኮ የራሴ ድርሰት ነው» አላቸው አንዲት ወይዘሮን።

«ጎበዝ፣ ያሳድግህ» አሉና ዘንቢላቸውን አነሱ፤ «ወራጅ አለ።»

«እንዴ፣ ገበያ አላሉኝም? ገና ነን እኮ!»

«በእግሬ ይሻለኛል ልጄ፤ ከአንተ በፊት የነበረውም አሰምቶኛል።»