«ካርቶን ነው!» — «አዎ፣ ካርቶን ነው!»

ዋግ፣ ሰቆጣ ላይ የእህቴ ልጅ ከምግብ ካርቶን ጎጆ ሠራ። ያየው ሁሉ አንድ ቃል ወርውሮ ያልፋል። ልጁ «ለታላቅ አይመለስም» ተብሎ ያደገ ነውና መልሱን እኔ ልስጥ።

አስቀድሜ ጎጆውን ላሳያችሁ። ቁመቷ አንድ ክንድ አይሞላም። ግድግዳዋ የፕላምፕኔት ካርቶን፣ ጣሪያዋ የፓስታ ካርቶን ነው። የፕላምፕኔቱን ካርቶን ልጁ ለምኖ ያመጣው ከጤና ኬላ ነው፤ ትንሿ እህቱ ክብደቷ ወርዶ በነበረ ጊዜ ያገገመችው በዚያ ካርቶን ውስጥ በከረጢት ታሽጎ በሚመጣው አልሚ ምግብ ነው። ካርቶኑን ሲተረትረው ጽሑፉ ላይ ጣቱን አሳርፎ «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?» አለኝ። «አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል» አልኩት። «እሺ» አለና ገልብጦ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዞረው።

ካርቶን ማለት በሁለት ልሙጥ ወረቀት መሀል የተሸበሸበ ወረቀት ነው። ሽብሽቡ ሽቅብ ሲቆም ይሸከማል፤ አግድም ከተኛ ይተጣጠፋል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ በጣቱ ዳብሶ ነው ያገኘው። ሽብሽቡን አቁሞ፣ በማንኪያ እጀታ መስመር መስመሩን ተጫነውና ካርቶኑ ሳይሰበር እንደ ሰፌድ ዞረለት። ለጣሪያው ክብ ቆረጠ፤ ከጠርዙ እስከ መሀሉ አንድ ጊዜ ሰነጠቀና ጫፍና ጫፉን ደረበው፤ ሾጠጠ። ሚስማር የለም፤ በግራር እሾህ ሰካው። ከላይ ሰንበሌጥ አለበሰው።

አሁን ወደ ወርዋሪዎቹ።

ጎረቤታችን እማማ ናቸው የጀመሩት። «ምነው ልጄ፣ ይህን ቆሻሻ ቤት ታስገባላችሁ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ዱቄት የሚሰፍሩበት ጣሳ ምን ነበር?»

ዝም አሉ። የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነበር። 4 ሊትር የሚይዘው፣ 6 እየሆነ በአንድ ካርቶን የሚመጣው። ዘይቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ! ጣሳው ግን ዛሬም እህል ይሰፍራል፤ ወንድሙ ተቆርጦ ኩራዝ ሆኗል፤ የስንዴው ጆንያ ተተርትሮ መኝታ ላይ ተነጥፏል። ዋግ ውስጥ ባዶ ዕቃ ጡረታ አይወጣም። አዲስ አበባም ቢሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ በባዶ ጣሳና በቁራጭ ብረት ነው የሚያድረው፤ ቁራሌውም ሰፈር ለሰፈር የሚጮኸው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ጣሳው ዕቃ ከሆነ ካርቶኑ በምን ኃጢአቱ ቆሻሻ ይባላል?

«ዱቄቱን ሙጫ እያደረገ ይጨርስባችኋል» ያላችሁ፣ ቀርባችሁ አሽትቱት። የግራር ሙጫ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ የሟሟ። አበርገሌና ዝቋላ ቆላ ላይ ዛፍ አድምቶ እጣን የሚለቅም አገር፣ ለልጅ ጎጆ ማጣበቂያ አያጣም።

«ነፋስ ሲመጣ ይፈርሳል» ላለው ደግሞ፦ ያ ካርቶን 92 ግራም የሚመዝን ከረጢት 150 ታጭቆበት የመጣ ነው። ደምሩት፤ 14 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በመኪናና በአህያ ይህን ተሸክሞ ዋግ የገባ ካርቶን፣ እፍኝ ሰንበሌጥ ይከብደዋል?

አንድ የቢሮ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዳ ሲመጣ ደብቁት፤ ዋግን በእርዳታ ካርቶን ታስጠሩታላችሁ» አለኝ። ይኼኛው አንገብግቦኛል። ወንድሜ፣ ዋግ በድርቅ የተጠራው ይህ ልጅ ሳይወለድ ነው፤ በ1977። ሐምሌ 2007 መንግሥት በዚሁ ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀነጭርም ሲል ቃል ገብቷል። ሰኔ 2015 ደግሞ በእህል ዝርፊያ የተነሳ የአሜሪካው ረድኤት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ወራት አለፉ። ካርቶኑን ያመጣው ድርቅ ነው፤ እህሉን ያስቀረው ሌባ ነው፤ ጎጆዋን ያመጣት ግን ልጁ ነው። ከሦስቱ የሚደበቀው የልጁ ሥራ ነው? ያ ቃል ይፈጸምና የፕላምፕኔት ካርቶን ከዋግ ይጥፋ! ደስታውን አልችለውም። ልጁ እንደሆነ የፓስታውን ይዞ ይቀጥላል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። «ሆድ ሳይሞላ ምን የጨዋታ ጊዜ አለ?» የሚለው። ብዙ ሰው ብሎታል፤ አንዳንዱም ከልቡ አዝኖ ነው ያለው። ስለዚህ ቆም ብዬ ልመልስ።

የእህቴ ልጅ፣ ሕፃኗ፣ በዚያ ክፉ ሰሞን አታለቅስም ነበር። እናቷን ያስፈራት እሱ ነው። ሲያነሷት ዝም፣ ሲያስቀምጧት ዝም፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይውላል። በራብ የተጎዳ ልጅ እንዲህ ነው፤ ሥጋው ብቻ አይደለም የሚሟሽሸው፣ ዓለምን የመፈለግ ጉጉቱም አብሮ ይከስማል። ይህን የሚያውቁ ሐኪሞች ምን እንዳሉ ስሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድተው ሆስፒታል የሚተኙ ሕፃናት በ10 እርምጃ ይታከማሉ። ሙቀት መስጠት አለ፣ ፈሳሽ መተካት አለ፣ በጥንቃቄ መመገብ አለ። 9ኛው እርምጃ ላይ ደግሞ ጨዋታ አለ! በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ታስቦበት የሚደረግ ጨዋታ። መጫወቻውንም ከሱቅ ግዙ አይልም፤ ከሚጣል ዕቃ ሥሩ ይላል። ከተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚደራረብ፣ ከጣሳ ክዳን መስታወት፣ ከካርቶን ቁራጭ ሥዕል ያለው መጽሐፍ። ካርቶን! እናንተ በእግራችሁ ገፋ ያደረጋችሁትን ሐኪሞቹ ከመድኃኒቱ ጎን ጽፈውታል።

ልጁ መመሪያውን አላነበበም። ግን የጎጆዋን በር የቆረጠው በእህቱ እጅ ልክ ነው። መጀመሪያ አጥብቦት ነበር፤ እጇን ይዞ ለካውና እንደገና አሰፋው። እሷ አምስት ጠጠር አንድ በአንድ ታስገባለች፤ «እማ»፣ «አባ» እያለች። ኋላ ጎንበስ ብላ በበሩ ታያቸዋለች። ያ ተተክሎ የቀረ ዓይን እኮ ነው እንዲህ የሚያጮልቀው! «የጨዋታ ጊዜ የለም» የሚለኝ ሰው መጥቶ አጠገቧ ይቀመጥና ይድገመው።

«ከካርቶን ደግሞ ምን ትልቅ ነገር ወጥቶ ያውቃል?» ያልከኝ ወዳጄ፣ አንተን አልረሳሁህም። ኪንሻሳ ላይ ቦዲስ ኢሴክ ኪንጌሌዝ የሚባል ሰው ነበር፤ ከካርቶን፣ ከማሸጊያ ወረቀትና ከለስላሳ ጣሳ ከተማ በሙሉ የሠራ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፓሪስ ላይ አሳየ፤ በ2015 አረፈ፤ በ2018 የኒውዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ሰብስቦ አቀረበለት። ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ካቴድራሉን ቢጎዳው፣ ጃፓናዊው ሺገሩ ባን በካርቶን ቱቦ ሌላ ሠራላቸውና በ2013 ገቡበት። ሩቅ ነው ካልክ ከሰቆጣ ወጣ በልና ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሳም። ቋጥኝ ሲያዩ ቤተ ክርስቲያን የታያቸው የዋግ ሰዎች ናቸው። የነሱ ልጅ ካርቶን ሲያይ ጎጆ ቢታየው ምን ይገርማል?

ቅዳሜ ገበያ ውሎ የተመለሰ አንድ ነጋዴ በራችን ላይ ቆመ። ጎጆዋን አነሳ፣ አገላበጠ፣ እሾሁን ነካ ነካ አደረገ። ይህኛው አልተሳለቀም፤ ወዶታል። «ማሙሽ፣ 200 ብር ልስጥህ። ላሊበላ ወስጄ ለቱሪስት አሳያታለሁ» አለ።

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ዝም አልኩ። እህቱ አንዱን ጠጠር በጡጫዋ እንደያዘች ናት። ቀስ ብሎ ሁለቱን እሾሆች ነቀለ፣ ጣሪያውን አነሳና ጎጆዋን ወደ ነጋዴው ዘንበል አደረገለት።

«ጋሼ፣ ውስጡን ያንብቡት» አለው። «አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል።»