ማሲንቆውን ማን ወሰደው?

የባህል ዘፈን ወዳጅ ጠበኛ ፍጥረት ነው። እኔም ከዚሁ ወገን ስለሆንኩ ባማው አይፈረድብኝም። ማሲንቆ ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጊታር ሲሰማ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ሳክስፎን የሰማ እንደሆነ ግን «አበላሹት!» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ስሟን ብቻ አርዕስት አድርጋ ያወጣችው አልበም ይህን ወገን ከመቀመጫው ካስነሱት ሥራዎች አንዱ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሃያስያን አወደሱት፤ አገር ቤት አከራከረ። ክሱ ባጭሩ፣ ይቺ የቻግኒ ልጅ የአገሯን ዜማ ወስዳ ለጃዝ ዳረችው የሚል ነው። ዛሬም ድረስ «ድምጿስ ግሩም ነው፣ ምን ያደርጋል…» ብለው ነገሩን ሳይጨርሱ ራሳቸውን የሚነቀንቁ አሉ። የእኔ ክርክር ግን ተቃራኒው ነው፦ ይህ የባህል ዘፈን አልበም ነው፤ ያውም «ባህላዊ» ተብለው ከሚሸጡት ከብዙዎቹ ይበልጥ።

በአልበሙ የተሳተፉትን ተከሳሾች አንድ በአንድ ስንጠራቸው ስማቸው በእርግጥ ያስደነግጣል። አሳታሚው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ የቦብ ማርሊን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው ሰው፣ ክሪስ ብላክዌል፣ ያቋቋመው ኩባንያ። ፕሮዲዩሰሩ ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነው። ሀርቢ ሀንኮክ እና ዌይን ሾርተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የማይልስ ዴቪስ ባልደረቦች ነበሩ፤ ፋሮህ ሳንደርስ ከጆን ኮልትሬን ጋር የነፋ ሰው ነው፤ ሄንሪ ትሬድጊልም አለበት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ስቱዲዮ ውስጥ ቢያስነጥስ ጃዝ ይሆናል ብሎ መስጋት ያለ ነው። ዳሩ ግን ስም ዝርዝሩን ያነበበ ሁሉ አልበሙን ሰምቷል ማለት አይደለም። የሰማ ሰው፣ እነዚህ ስመ ጥር ሰዎች ምን ያህል እንደቆጠቡ ይታዘባል። ሳክስፎኑ ድምጿ ያረፈበትን ጠብቆ ይገባል፣ ጥቂት ይልና ይወጣል። በየመድረኩ ሰፊ የብቻ ጨዋታ የለመዱ ሰዎች እዚህ የሰው ዘፈን እያጀቡ መሆኑን አልዘነጉም። እኛ ዘንድ፣ ዘፋኟ አፏን ሳትከፍት መግቢያውን አራት ደቂቃ የሚያስረዝም ኪቦርዲስት ሞልቶናል።

ኪቦርድን ካነሳን አይቀር፣ ይኸው የባህል ጠበቃ ሳያጉረመርም የሚቀበለውን «ባህላዊ ክሊፕ» እንመልከተው። ሜዳው አረንጓዴ ነው። ወጣቶቹ ቁምጣና ዱላ፣ ሴቶቹ ከሱቅ መደርደሪያ አሁን የወረደ ጥልፍ ቀሚስ። ከዛፉ ሥር አንድ ሰው ማሲንቆ ታቅፏል፤ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ የእሱ ደጋን ወደ ታች ይወርዳል፤ ድምፁ ሲያቆም እሱ ይቀጥላል። ምክንያቱም የምንሰማው ማሲንቆ ኪቦርድ ላይ በጣት የሚጫን ማሲንቆ ነው፤ ከበሮውም መሰኪያ ያለው ከበሮ ነው። በዚህ ማንም አልተነሳም። ማሲንቆው በዓይን እስከታየ ድረስ ጆሯችን ቅሬታ የለውም! ትንሽ ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ጥሩምባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ ናስ የኛ ሆኗል፤ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችን ሳክስፎን ማንም «ፈረንጅ» አይለውም። የክራሩ ጅማት እንኳ በናይለን ከተተካ ቆይቷል። እንግዲህ ክሱ «የውጭ መሣሪያ ገባ» ከሆነ፣ ጂጂ ተራ ልትይዝ የሚገባት ከረጅም ሰልፍ መጨረሻ ነው።

ይህ ግን መከላከያ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ «ሌላውም አጥፍቷል» ብሎ የተረታ ሙግት ብዙ ነው። ዋናው ነገሬ ወዲህ ነው። የባህል ዘፈን ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አዝማሪው ነው፤ ጠጅ ቤቱ፣ ማሲንቆው፣ ተቀበል የሚለው ሰው፣ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር። ከዚህም ሌላ ፎካሪው አለ፣ ቀረርቶና ሽለላው አለ። ሁሉም ለሰው ጆሮ የተሰናዳ፣ በአብዛኛውም የወንድ ዘፈን ነው። ከጠጅ ቤቱ ጓሮ ግን ሌላ ዘፈን አለ። ሴቲቱ ሌሊት ወፍጮ ላይ ሆና፣ ቅቤ ስትንጥ፣ ልጅ ስታስተኛ፣ ወይም ሙሾ ስታወርድ የምታንጎራጉረው። ያኮረፈ ባሏን፣ የከረረች አማቷን፣ ዘምቶ የቀረ ወንድሟን የምታነሳው እዚያ ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው፤ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም ትቀጥላለች፤ ብር የሚለጥፍላት ደግሞ የለም። ማሲንቆስ? ማሲንቆ እዚያ ኖሮ አያውቅም። እንጉርጉሮ አጃቢ የለውም፤ ያለው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲዞር የሚያወጣው ድምፅ ነው። የጂጂ አልበም የወጣው ከዚህ ጓሮ ነው። ስለዚህ «ላስዌል ማሲንቆውን አፈናቀለው» የሚለው ክስ መነሻው ስቷል። ያልነበረን ዕቃ ሰረቅህ ተብሎ የሚከሰስ ሰው የለም።

ይህን የምለው ለማስዋብ አይደለም፤ ጆሮ የሚመሰክረው ነገር አለ። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምስት አምስት ድምፅ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። የፈረንጅ ኮርድ ከሥራቸው ሲደረደር ብዙ ጊዜ ዜማውን ወዳልፈለገው መንገድ ይገፋዋል፤ ድምፃዊውም ኮርዱን ላለመርገጥ ቅላጼውን ያሳጥራል። የላስዌል ቤዝ ግን እንደ ወፍጮ ነው፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይዞራል። ኮርድ ለመለዋወጥ አይቸኩልም። ድምጿ በላዩ እንደፈለገው ይረዝማል፣ ይሰበራል፣ እስትንፋስ ይወስዳል። በ«ጉራማይሌ» ልብ ብሎ ለሰማ፣ ከበሮውም ቤዙም ባሉበት ይረግጣሉ፤ የሚጓዘው ዜማው ብቻ ነው። ዜማውን ከነእርጋታው የሰጣት ደግሞ ጃዝ አይደለም፤ በልጅነቷ ከጆሮዋ የገባው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለዚህ ሳይረዳት አልቀረም።

ለሚጠራጠር ላስዌል ራሱ ፈተናውን ሠርቶልናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸንኑ አልበም ፈትቶ እንደገና ቀምሞ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም አወጣው፤ በዚህኛው የጂጂ ድምፅ ከሩቅ ብቅ እያለ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። ለእንቅልፍ ምቹ ነው፣ አይካድም። ጎጃም ግን የለበትም። መሣሪያው፣ ተጫዋቹ፣ ስቱዲዮው ሁሉ እዚያው እያለ ባህሉ ከድምጿ ጋር ወጥቶ ሄደ። በዚያው ዓመት ደግሞ «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም «ዛየን ሩትስ» የተባለውን ሠሩ፤ ላስዌል ቤዙን አስቀምጦ አኩስቲክ ጊታር ያነሳበት፣ ኤሌክትሪኩ የቀነሰበት ሥራ። የባህል ጠበቃው ሰርግና ምላሽ ማድረግ ነበረበት። አላደረገም። በሕዝቡ አፍ የቀረው የ2001ዱ፣ ያ «የተበላሸው» ነው።

ከዚያ ውስጥ «ዓድዋ»ን ለብቻ ማንሳት ይገባል። በየዓመቱ የካቲት 23 ከጠዋት እስከ ማታ የምንሰማው ስለሆነ መስማት ትተናል። ስለ ጦርነት፣ ያውም ስለ 1888ቱ ድል፣ የጎጃም ልጅ ስትዘፍን የሚጠበቀው ሽለላ ነው፤ ጎራዴው፣ ፈረሱ፣ ጠላት ሲረግፍ። እሷ ግን ቀስ ብላ ትገባለች። ጠላት አትሰድብም፤ ማንንም አታስፈራራም። የምታነሳው የሞተውን ሰው፣ ሞቶም ያቆየላትን ክብር ነው፤ ከዚያ አልፋ አፍሪካን ትጠራለች። ይህ የፎካሪ አፍ አይደለም፤ ሙሾ አውራጅ፣ ለቅሶውን ወደ ምስጋና ስታዞረው የምትናገረው ነው። ፎካሪዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ የሸለሉለትን ድል ሴቶቹ እንዴት እንዳለቀሱለትና እንዳመሰገኑበት ያሰማችን እሷ ናት። «ዓባይ»ም እንዲሁ ነው። ወንዙን እንደ ቆንጆ ታሞግሰዋለች፣ ለበረሃው የሚሰጠውን ትቆጥርለታለች፤ እንደ ፖለቲከኛ ግን ድርሻዬን አምጣ አትለውም። ድርሻ ጠያቂ ኋላ ሞልቶልናል።

«ታዲያ እነ ሜሪ አርምዴ፣ እነ አስናቀች ወርቁ በክራር ብቻ አገር አላስለቀሱም ወይ? ሴትነት ከሆነ ነገሩ» የሚል ይኖራል። አስለቅሰዋል፤ ማን ይክዳል። ግን የእነሱ ጥበብ ከሰው ፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ሰውን ማጫወት ነው። የጂጂ ግን ለራሷ የምታንጎራጉር ሴት ጥበብ ነው። ካሴት ላይ «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» ተብሎ ሥራው እንደ ሥጋ ቅርጫ ሲከፋፈል በኖረበት አገር፣ አብዛኛውን ግጥምና ዜማ ራሷ መሥራቷም ከዚህ ይመጣል። «ለፈረንጅ ነው የሠራችው» የሚለው ደግሞ አያስኬድም። ለፈረንጅ የሚሠራ ሰው፣ ፈረንጁ አንዷንም ስንኝ በማይሰማበት በአማርኛ ግጥም ይህን ያህል አይደክምም።

እንከን የለውም አልልም። አንዳንድ ቦታ የኤሌክትሮኒክስ ምቱ የዘመኑን ፋሽን ይሸታል፤ ማሚቶውም ሲበዛ ቃል ይውጣል፣ ቃል ደግሞ የእሷ ዋና ሀብት ነው። በዚህ ላይ ከጠበኛው ወገኔ ጋር እስማማለሁ። ስለ ማሲንቆው ግን አልስማማም።

ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ጣቢያዎች አንድ ልመና አለኝ። «ዓድዋ»ን በሰልፍ ምስል ሥር አስገብታችሁ ግማሽ ላይ አትቁረጡት፤ ሲያልቅም ግጥምና ዜማው የማን እንደሆነ ስሟን ጥሩ። ደግሞ የካቲትን ብቻ አትጠብቁ። በሐምሌም ቢሰማ ያው ጥሩ ዘፈን ነው።